ለምሳሌ አንድ ፍየል

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠብቀውኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ሁለት ሆነው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ያረፈዱ ተማሪዎች መስለውኝ «ግቡ፣ ቦታ አለ» አልኳቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ «ግዴለም ቲቸር፣ ይጨርሱ» አለኝ። ጨረስኩ። የቤት ሥራም ሰጠሁ። ማን ሊያርመው እንደሆነ እንጃ።

የጠመኔው አቧራ ከእጄ ሳይራገፍ ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። የአዳማን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው እኩለ ቀን ላይ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ምን እንደሚመስል አይጠይቀኝም። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ አቧራና የባጃጅ ጡሩምባ ይገባል። የክፍሉ አለቃ፣ እስረኛው «ካቦ» የሚላቸው፣ የሞጆ ሰው ናቸው፤ መንገድ በተዘጋ ሰሞን ከባድ መኪናቸውን አቁመው በመገኘታቸው የታሰሩ ሾፌር። ከበሩ ራቅ ያለች፣ ሽታ የማይበዛባት ቦታ ሰጡኝ።

«ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ቃል አስተምሬ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ።»

«የምን ቃል?»

«የእንግሊዝኛ።»

«ስድብ ነው?»

ስድብ አልነበረም። ቃሉ «ፌር» ነው። ባጃጅ ነጂውም ኳስ ተመልካቹም በየቀኑ የሚጠራው ቃል ነው፤ በአማርኛ ተርጉም ስትባል ግን አንድ ቃል አይበቃህም። «ፍትሐዊ» ብትል ፍርድ ቤት ያስገባሃል። «ትክክል» ብትል የሂሳብ መልስ ይመስላል። «ተገቢ» ደግሞ የቢሮ ሰው ቃል ነው። ስለዚህ ይህን ቃል በትርጉም አላስተምርም። በምሳሌ ነው የማስተምረው። ምሳሌ መፍጠር ላይ ደግሞ ደካማ ነኝ።

በዚህ የሚረዳኝ ሚዜዬ ነበር። እሱም እዚያው ትምህርት ቤት፣ ያንኑ ደረጃ በሌላ ክፍል ያስተምራል። በመዘምራን አብረን ያደግን፣ በሰርጌ ቀን ካራባቴን ያሰረልኝ ሰው ነው። በየሳምንቱ አንድ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ትምህርት እናዘጋጅ ነበር፤ እኔ ቃሉን አብራራለሁ፣ እሱ ምሳሌውን ይፈጥራል። ከዚያ ሁለታችንም በየክፍላችን ያንኑ እናስተምራለን። የዚያን ሳምንት እኔ ከመጽሐፉ ላይ ብርቱካን የሚካፈሉ ሁለት ልጆች አመጣሁ። ሳቀብኝ።

«ብርቱካን! ተማሪዎቻችን ሕፃናት ናቸው እንዴ? ኑሮ አምጣ፣ ኑሮ።» ስትሮውን ከአፉ አውጥቶ እንዲህ አለ፦ «አንድ አዛውንት የእርሻ መሬታቸው ተወሰደ። በምትኩ አንድ ፍየል ተሰጣቸው። ይህ ፌር ነው?»

«ለምን ፍየል?»

«ፍየል ያስቃል።»

እውነትም አሳቀ። ከመታሰሬ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከአዳሚ ቱሉ አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ ብቻ አልሳቀም። ሚዜዬ ጠመኔ ሊዋስ ገብቶ ከኋላ ቆሞ ነበር። አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ከታሰርኩ በኋላ በየቀኑ ስንቅ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር። ሚስቴ ልትወልድ ደርሳ ስለነበር ፀሐይ ላይ ቆማ ወረፋ መጠበቅ አትችልም። በር ላይ ደንብ አለ፤ ስንቅ ያመጣ ሰው ፖሊሱ ፊት ከምግቡ መቅመስ አለበት። ጠባቂው ሳህኑን ሲሰጠኝ «ሚዜህ ደህና አድርጎ ቀምሶልሃል» ይለኛል፤ የጎደለውን እያየሁ እስቅ ነበር። ስንቅ ከገባ የሁሉም ነው። ካቦው ያካፍላሉ፣ የራሳቸውን መጨረሻ ያነሳሉ።

«ጨጨብሳው ፌር ነው» አሉ አንድ ቀን፣ ጣታቸውን እየላሱ።

«ለምግብ አይባልም ጋሼ። ለአከፋፈሉ ነው የሚባለው።»

«እንግዲያው አከፋፈሌ ፌር ነው?»

«በጣም።»

«ይኸው ተማርኩ!» ብለው ለክፍሉ አወጁ። በበነጋውም «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ቲቸር? አስተኛኘታችን ፌር ነበር?» ብለው ቀሰቀሱኝ።

መርማሪው ያስጠራኝ ከዚያ በኋላ ነው። ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃም ሰጠኝ። ከስልኩ ላይ የሰሌዳዬን ፎቶ አሳየኝ። የእጅ ጽሑፌ ከኋላ ሆኖ ሲታይ ያን ያህል አስቀያሚ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ፍየሉ ማንን ነው የሚወክለው?»

«ፍየል ነው።»

«ማንን ይወክላል ነው ያልኩህ።»

«ፍየልን።»

አልሳቀም። ወረቀት አነሳና ማንበብ ጀመረ። ምስክሩ ምሳሌውን እኔ ከራሴ አመንጭቼ እንደጻፍኩት፣ እሱ «ተው፣ አጥፋው፣ ያስጠይቅሃል» ብሎ እንደመከረኝ፣ እኔ ግን እምቢ እንዳልኩት ይናገራል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከክፍሉ ኋላ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ሚዜህ ነው አይደል?» አለኝ መርማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ያዘነልኝም መሰለኝ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ። እኔ ግን ያን ሰዓት ትዝ ያለኝ ሳህኑ ነው። ከእኔ ምግብ ለእኔ ደኅንነት እየቀመሰ፣ አፉን ጠርጎ በሌላው በር ገብቶ ይህን ተናግሯል። የውሃውን ብርጭቆ ወደ መርማሪው መልሼ ገፋሁት።

«ስማኝ» አለ መርማሪው። «ምሳሌው ያንተ ካልሆነ የማን እንደሆነ ንገረኝ። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ። ሚስትህ ልትወልድ ነው ይባላል።»

መልሱ እውነት ነበር፤ ውሸት እንኳ አልተጠየቅኩም። አንድ ስም ነው። ስሙን ብጠራ ማታ ከሚስቴ ጎን ነኝ፣ እሱ ደግሞ የእኔን ቦታ ይወስዳል። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ መልአክ ነበርኩ አልልም።

«ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ማን ፈጠረው?»

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ለሚያስተምረው ነገር የሚጠየቀው አስተማሪው ነው።»

ለሚዜዬ ብዬ አልነበረም፤ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። በዚያ ወረቀት ላይ የእሱ ቃል ከሰፈረበት ሥር የእኔም ተመሳሳይ ቃል ሰፍሮ ማየት ስላስጠላኝ ነው። መርማሪው ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

በማግሥቱ ጨጨብሳው መጣ። ጥጉ ተቀምሷል። ሳህኑን ለካቦው አቀበልኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። «አመመህ?» አሉኝ። «አልራበኝም» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚዜዬ ባመጣው ፋንታ ከሌላ ሰው ስንቅ ያካፍሉኝ ነበር። ለማንም ስለ እሱ አልተናገርኩም።

የመጠየቂያ ቀን ሲደርስ ሚዜዬ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ፣ ከሕዝቡ ጫጫታ በላይ ጮኸ።

«ሴት ናት! ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው! እኔ ነኝ በባጃጅ ያደረስኳት!»

እንባው ይወርድ ነበር። አጥሩን ይዤ አየሁት። ማወቄን አላወቀም።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

ከልቤ ነበር። ከልቤ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተለቀቅሁ። ልጄ ያኔ መዳህ ጀምራለች፤ ሳነሳት አለቀሰች፣ ሚዜዬ ሲቀበለኝ ዝም አለች። ወደ ትምህርት ቤቱ አልመለሱኝም። ክፍሌን የያዘው እሱ ነው። አንዲት ተማሪው እንደነገረችኝ፣ ያን ቃል ሲያስተምር አሁን ምሳሌው ስለ ኳስ ዳኛ ነው። ጥሩ ምሳሌ ነው አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ምሳሌ ላይ ሁሌም ይበልጠኛል።

እኔ ቤቴ በረንዳ ላይ ጥቂት ልጆች አስጠናለሁ። እሱ በየበዓሉ ይደውላል። ልጄ «አጎቴ ነው!» እያለች ስልኩን ይዛ ትሮጣለች። ሚስቴ «በዚያ ጊዜ ከወንድም በላይ የሆነልን ሰው» ትለዋለች፤ እሷም አታውቅም። እኔም ስልኩን እቀበላለሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን።

ልነግረው የተነሳሁባቸው ቀናት አሉ። ግን ብነግረው ያለቅሳል፣ ይቅርታ ይለኛል። በበነጋው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች በሬን ያንኳኳሉ፤ ሚስቴ ወንበር ታቀርባለች፣ እነሱ የእግዚአብሔርን ቃል ያነባሉ፣ ሽማግሌ ደግሞ በባዶ እጁ አይመለስም። ያኔ ተነስቼ እሱን ማቀፍ ግዴ ይሆናል።

እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም።