ቤላሩስን ስታወድስ ኖራ ማሲን የመረጠች

አዛለች ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ማርሽ የቆጠረች ሴት ናት። በሃያ ሁለት ዓመቷ ከእስቴ ወርዳ በቆላው የመንግሥት እርሻ ለአረም ተቀጠረች። በሁለተኛው ዓመት አንዱ የትራክተር ነጂ በወባ ሲተኛ «እኔ እነዳዋለሁ» አለች። አለቃው እየሳቀ ፈቀደላት፤ ሥራው ሲያበቃ የታረሰውን አይቶ ሳቁን ተወ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚባለውን ቁጥርም የለየችው ከማርሹ እጀታ ራስ ላይ ነው። ሰባት ዓመት የነዳችው ያ ትራክተር ቤላሩስ ነበር።

እርሻው ተበትኖ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ዳር ወዳለው የአባቷ ቀዬ ስትመለስ፣ የናፍታ ሽታ ያለቀቀው ካፖርትና የማያልቅ የቤላሩስ ወሬ ይዛ መጣች። ሰው የበሬውን ጉልበት ሲያወራ እሷ «ቤላሩስን ባያችሁት» ትላለች። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ብላ ኖረች። «እማማ ቤላሩስ» የሚል ስም ወጣላት። ሲጠሯት ትስቃለች፤ ነገር ግን የሚያምናት ጥቂት እንደሆነ ታውቃለች።

ዘንድሮ አሥራ ሁለት ጎረቤታሞች ተባብረው አንድ ያገለገለ ትራክተር ለመግዛት ተስማሙ። ሁለት ሻጮች ሁለት ትራክተር በመኪና ጭነው መጡ፤ አንዱ ሰማያዊ ቤላሩስ፣ ሌላው ቀይ ማሲ ፈርጉሰን። የገበሬዎቹ ሰብሳቢ ዓለምነህ ጭንቅ ላይ ነበር። ግማሾቹ በሬያቸውን ሸጠው ያዋጡ ናቸው፤ የማይሆነውን ከመረጡ ክረምቱን ማሳቸው ጦም ሊያድርባቸው ነው።

«ጀርባ ለጀርባ በሰንሰለት እንሰራቸውና ይጓተቱ፤ ያሸነፈውን እንወስዳለን» አለ ቢሻው። ቢሻው ጥርስና ሸኮና አይቶ የበሬን ዕድሜ የሚናገር፣ በአገሩ በሬ አዋቂ የተባለ ሽማግሌ ነው። ነገሩ ሁሉንም ጣማቸው፤ ሰንሰለትም መጣ። ቤላሩሱ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ኮርማ ስለሚያጓራ፣ የብዙው ልብ አስቀድሞ ወደሱ ሄዷል።

አዛለች ከሰዉ መሃል ወጣች። «አያ ቢሻው፣ እርስዎ በሬ ሲገዙ ገበያ መሃል አዋግተው ነው?»

«ምን በወጣኝ! ጠምጄ፣ አርሼበት ነው እንጂ።»

«ታዲያ እነዚህንስ ለምን አንጠምዳቸውም?»

ቢሻው ሳቀ። «እርስዎማ ምን ያስጠምድዎታል? ፍርዱን ሠላሳ ዓመት ሲነግሩን ኖረው!»

ሰዉ አብሮ ሳቀ። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገች። «ሁለቱንም እኔ ልንዳቸው። ወደ ዓለምነህ የገብስ ማሳ ውሰዱልኝ።»

«እትዬ አዛለች፣» አለ ዓለምነህ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያልቻሉ እንደሆን ዕድሜ ልክዎን ይሳቅብዎታል።»

«እስከ ዛሬስ መቼ ሳይሳቅብኝ ቀረ?»

መጀመሪያ ቤላሩሱ ላይ ወጣች። እግሯ ፍሪሲዮኑን ሳይፈልግ አገኘው። ማርሹን አስገብታ ተነሣች። አፈሩ ከሥር እየተገለበጠ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ጥማድ በሬ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ የማይደርስበት ጥልቀት ነው። ደረቷ ሞቀ። የወጣትነቷ ጓደኛ አላሳፈራትም።

ከማሳው ጫፍ ግን እርከን አለ። ትልቁ ትራክተር እዚያ ለመዞር ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት፣ እንደገና ወደ ኋላ አለ። በወዲያኛው ጫፍም የቤተ ክርስቲያኑ ካብ ስለሆነ እንደዚያው ተደገመ። ቆላ ላይ አንድ ትልም ይዛ ስትሄድ መዞሪያው የት እንደሆነ እንኳ አይታያትም ነበር፤ ይህ ማሳ ግን ገና ከመጀመሩ ያልቃል።

ማሲው ላይ ወጣች። ትልሙ ከቤላሩሱ ጥልቀቱ ትንሽ ያንሳል፤ ለገብስ ግን ይበቃል። እርከኑ ጋ ስትደርስ መሪውን አንዴ ጠመዘዘችውና ትራክተሩ እንደ ጥሩ በሬ በቦታው ዞረላት።

ወርዳ «ለመዞር ሲባል ሳይታረስ የቀረውን ጫፍ ይለኩልኝ» አለችው ቢሻውን።

ቢሻው በእርምጃው ለካ። በቤላሩሱ በኩል አሥራ አንድ፣ በማሲው በኩል አራት። እንደገና ለካ፤ ያው ነው።

«የቀረውን ማን ሊያርሰው ነው? በሬ የሸጠው በምን ያርሳል?» አለች አዛለች። ወደ ሰማያዊው ዞር ብላ አየችና ቀጠለች። «ቤላሩስ ጌታ ነው፤ ሜዳ ስጡትና እዩት። የእኛ ማሳ ግን እጀ ጠባብ ነው። ለእኛ ማሲ።»

ማንም አልሳቀም። ቢሻው አንገቱን ነቀነቀ። «ሠላሳ ዓመት ያወደሱትን?»

«እኔ የምወደውን መቼ ጠየቃችሁኝ? የሚያርስላችሁን ነው እንጂ።»

ዓለምነህ አሥራ አንዱን ባልደረቦቹን በዓይኑ ዞረ፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ ቀዩ ዘረጉ። እንደ አገሩ ወግ አዲስ በሬ ስም ይወጣለታልና፣ ስሙን እንድታወጣ እሷን ለመኑ። ቀይ መልኩን አይታ «ዳማ» አለችው።

የቤላሩሱ ሻጭ ትራክተሩን ወደ መኪናው ሊመልስ ቁልፉን ሲያወጣ አዛለች እጇን ዘረጋች። ሰጣት። ወጥታ ተቀመጠች፤ ሞተሩም አጓራ። መኪናው ወደ ቆመበት አስፋልት በሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ቢሻው ከፊቷ ቀድሞ በከዘራው ድንጋዩን ወደ ዳር ያንከባልል ነበር፤ «መንገድ ልቀቁ! ኦፕሬተር አዛለች እየመጡ ነው!» እያለ።