ቅቤ የጠገበው መቋሚያ

ኮላ እንደዚያ ቀን አሳብዶኝ አያውቅም። ሞጣ ያሉት አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ማኅሌት የሚቆሙት መቋሚያቸውን ተደግፈው ነው። ጥምቀት ሲቃረብ የመቋሚያው ራስ ወለቀባቸውና ቢቸና ድረስ፣ የእንጨት ሥራ ቤቴ መጡ። አዲስ ልሥራልዎት ብላቸው ተቆጡኝ፤ በትሩ የመምህራቸው ነበር።

«ይህን ካልያዝሁ ዘንድሮ ቤቴ እቀመጣለሁ» አሉ።

የበትሩን ጫፍ ኮላ ቀብቼ የመቋሚያው ራስ ቀዳዳ ውስጥ ከተትሁትና አሳደርሁት። ጠዋት ነካ ባደርገው ውልቅ! ኮላው በትሩን ሳይዝ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፎ መጣ። በሽቄ ልወረውረው ስል ሸተተኝ። ቅቤ!

እንዴት እንደረሳሁት! በእኛ አገር የወይራ በትር እንዲጠቁርና እንዳይሰነጠቅ ቅቤ እየተቀባ ጭስ ላይ ይሰቀላል። ወይራ ድሮውንም ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው፣ ኮላ በቀላሉ አያስገባም። በዚያ ላይ የስንት ዓመት ቅቤ! ጫፉ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ተቀመጠች። ውሃ ያላስገባ እንጨት ኮላ ሊያስገባ ነው?

ፋቅሁት፤ አሁንም ድቡልቡል። ደግሜ ፋቅሁት። ድንገት ጠብታዋ ተዘርግታ ስምጥ አለች!

«ጠጣ! ጠጣ!» ብዬ ጮህሁ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ እጄን የቆረጠኝ መስሏት እየሮጠች መጣች። እንጨት ውሃ ጠጣ ብዬ ስዘል ስታይ «አንቺስ ለይቶልሻል» ብላ ተመለሰች።

ጫፉ ስለቀጠነ የድሮው ራስ ሰፋው። ከደረቅ ዋንዛ አዲስ ራስ ሠራሁ፤ ዋንዛ ለኮላ እጁን የሚሰጥ ደግ እንጨት ነው። ጫፉ ከውሃው እንደደረቀ፣ ከውስጥ ያለው ቅቤ ወደ ላይ ሳይወጣ ቶሎ ለስለስ አድርጌ ፍቄ አጣበቅሁት። በማግስቱ ሙሉ ክብደቴን ጣልሁበት። ንቅንቅ አላለም! ለአጎቴ ወዲያው ላክሁላቸው።

ለጥምቀት ሞጣ ወረድሁ። ወረቡ ሲሞቅ አጎቴ መቋሚያውን ያነሳሉ፣ ይጥላሉ፣ ደረታቸውን ያሳርፉበታል። እኔ ዓይኔን ከዚያች መጋጠሚያ ላይ መንቀል አቃተኝ። ሲያበቁ በላብ ተጠምቀው፣ እየሳቁ ወደ እኔ መጡ።

«ያዘ አይደል?» አልኋቸው፤ አላስችል ብሎኝ።

«ምኑ?» አሉኝ።

ራሱ መውለቁን ጨርሶ ረስተውት ነበር። በደስታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምሁ።