ስምንት መሆን የነበረባት ሰባት

እኔ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ኤስ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር ሁለት ደቂቃ ከዘገየ እግሬ መሬቱን መደብደብ ይጀምራል። መቶ ሜትር የመረጥኩትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ገና ከመጀመሩ ያልቃል። እኛ ባለንበት ሰፈር፣ ዞሰንሃይም፣ ለሚኖሩት የአገሬ ሰዎች ግን ይህ ነገር በጭራሽ አልገባቸውም። የስፖርት ቦርሳዬን አንግቤ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ "አምስት ሺህ ነው አሥር ሺህ?" ይሉኛል። "መቶ" ስላቸው ያዝኑልኛል። አንድ ጎረቤታችን "አይ ልጄ፣ መቶ ሜትር ተሩጦ ደግሞ የት ይደረሳል?" አሉኝ። "መቶ ሜትር ላይ ነዋ አባባ!" አልኳቸው። ስድስተኛ ፎቅ እስክንደርስ አብረን ሳቅን።

ፍራንክፈርት የገባነው በፈረንጆቹ 2005 መኸር ነው፣ እናቴና እኔ ብቻ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የጽዳት ሥራ አገኘች። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏት አገኛታለሁ። እኔ ቋንቋውን ለመያዝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንዲት አስተማሪ "ለእሷ አጭር የሙያ ትምህርት ይበቃታል" ብላ ለእናቴ እንድነግርላት ጠየቀችኝ። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩና በንዴት ጆሮዬ ጋለ። "ጎበዝ ናት ትላለች" ብዬ ተረጎምኩ። በመንገድ ላይ እውነቱን ነገርኳትና "አቢቱር ሳልይዝ አልቀርም፤ ከዚያ ሕግ ነው የማጠናው" አልኳት። እናቴ አቢቱር ምን እንደሆነ አታውቅም። "ያዢው እንግዲህ" አለችኝ፣ ዕቃ የሚያዝ ይመስል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ የመጨረሻ ፈተና መሆኑን በኋላ ነው ያስረዳኋት።

ሕግ የፈለግሁት በእነዚያ ቢሮዎች ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ማንኛውም የመንግሥት ቢሮ አምት ይባላል። አምት ውስጥ በእናቴና በጠረጴዛው መካከል ተቀምጬ ስተረጉም ነው ያደግሁት። የሰው ኑሮ በአንድ ወረቀት ሲቃናም ሲጣመምም አይቻለሁ።

ሩጫውን የጀመርኩት የስፖርት አስተማሪያችን ግሪስሃይም ወንዙ ዳር ወዳለ ክለብ ስለላከኝ ነው። አሰልጣኜ ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ነበሩ፤ ወሬ አይወዱም። በመጀመሪያው ዓመት ከከተማው ልጆች አንደኛ ወጣሁ። በ2010 በሄሰን ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ሆንኩ። ከዚያ በላይ ያለው የመላው ጀርመን የወጣቶች ሻምፒዮና ነው። እዚያ ለመግባት አስቀድሞ የተወሰነ ሰዓት መሮጥ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሰዓቷን ያገኘኋት ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው። ተንገበገብኩ! አሰልጣኜ "በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ስምንት ስለሚሆንሽ ወደ ታላላቆቹ ታልፊያለሽ፤ የእነሱ ሰዓት ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ግሪስሃይም አንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለች ክፍል እሄዳለሁ። የአገራችን ሰው ደብዳቤውን በፌስታል ይዞ የሚመጣባት ክፍል ናት፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም። ክፍሏን የሚመሩት አገር ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። እኔ ፎርም እሞላለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ፣ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ለሚፈልግ ስልክ እደውላለሁ። መጀመሪያ በእናቴ ጉትጎታ ነበር የሄድኩት። በኋላ ግን ብታመም እንኳ አልቀርም አልኩ።

በ2011 ጥምቀት ሰሞን፣ ልደቴ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አንዲት አዲስ የመጡ እናት ፎርማቸውን ይዘው ፊቴ ተቀመጡ። የልደት ዓመታቸውን በእኛ አቆጣጠር ነገሩኝ። ሰባት ደምሬ ልጽፍ ስል ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ወሩን ጠየቅሽ?"

"አልጠየቅሁም።"

"አዬ ልጄ! ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት የተወለደ ሰባት ይደመርለታል። ከዚያ ወዲህ ጳጉሜን እስኪያልቅ ስምንት ነው። ስንቱ ሰው በዚች ስሌት ዕድሜው ተዛብቷል መሰለሽ!"

ሴትየዋ የተወለዱት ግንቦት ነበርና ስምንት ደምሬ ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ። እኔ የተወለድኩት በጥምቀት ማግስት በ1986 ነው፤ እናቴ ሁሌ የምትለው ይህንኑ ነው። ወረቀቴ ላይ ያለው ግን 1993 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠና አራት መሆን ነበረበት። ከተወለድኩ አሥራ ሰባት ዓመት ነው፣ በጀርመን ወረቀት ግን አሥራ ስምንት ሞልቶኛል።

ቤት ስደርስ እናቴ የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ነበር።

"እማ፣ የተወለድኩት ዘጠና አራት ነው።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ካውያውን ሳታቆም።

"ምን?!"

"ስንመጣ ጥቅምት ነበር። አስተርጓሚው ቶሎ በይ ቶሎ በይ ይለኛል። በዚያን ቀን አገር ቤት ዘጠና ስምንት፣ እዚህ ሁለት ሺህ አምስት፤ ልዩነቱ ሰባት ነው ብዬ ሰባት ደመርኩ። የገባኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ውሸታም ይሉናል ብዬ ፈራሁ። አሁን ደግሞ ዜግነት አመልክተናል።"

ስፖርት ውስጥ ያለ ሰው ነገሩን ወዲያው ያየዋል። ወረቀቴ ልክ ቢሆን ኖሮ አንድ ዓመት ከታናናሾቹ ጋር ይቀረኝ ነበር፤ የእነሱን ሰዓት ደግሞ ሮጬዋለሁ። ሻምፒዮናው በእጄ ነበር ማለት ነው። ደሜ ፈላ። "አንዲት ቁጥር! አንዲት ቁጥር መደመር እንዴት ያቅትሻል?" አልኳት። እናቴ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ካውያውን ነቅላ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ያቺን ንግግሬን ዛሬም ሳስባት አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼን አማከርኳቸው። "ይታረማል" አሉኝ። "ግን ከአዲስ አበባ የልደት ማስረጃ፣ ማኅተም፣ ትርጉም፣ ብዙ ወር ይፈልጋል። እስከዚያ የዜግነቱ ፋይል ባለበት ይቆማል።" ለእናቴ ስነግራት "ቴርሚን ያዢልኝ፤ የእኔ ጥፋት ነው፣ ሄደን እንናገራለን" አለች። ፊቷን አየሁት። ከአምት ደብዳቤ ሲመጣ እኔ እስክመለስ ዳቦ ሣጥኑ ሥር የምትደብቅ ሴት ናት። አንጀቴን በላችው።

"ተዪው" አልኳት። "መጀመሪያ ዜግነቱ ይምጣልሽ። እኔ ከታላላቆቹ ጋር እሮጣለሁ።"

"ባይሆንስ?"

"ይሆናል!" አልኩ እንጂ እርግጠኛ አልነበርኩም።

አሰልጣኜ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ "የሚጎድልሽ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ነው፤ የት እንዳለ እንፈልግ" አሉ። ያገኙት በመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ሜትሮች ነው። ከመነሻው ስወጣ ቶሎ ቀና እላለሁ፤ ፊቴን ወደ መጨረሻው መስመር ለማዞር እቸኩላለሁ። ያው አመሌ ነው። ክረምቱን ሙሉ "ቀና አትበይ፣ ጠብቂ" ሲሉኝ ከረሙ። በበረዶም ቢሆን መቶ ጊዜ ተነሳሁ፣ መቶ ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ትራም ውስጥ ለፈተና አጠናለሁ። እናቴ "ለጊዜው ቅዳሜውን ብትተዪውስ?" ብላኝ ነበር። አልተውኩትም። ፎርም ይዞ የመጣውን ሁሉ ከስሙ በፊት የምጠይቀው ወሩን ሆነ።

ሰዓቷን ለማግኘት የመጨረሻው ዕድል የሄሰን ሻምፒዮና ነበር፣ ሰኔ ላይ። እናቴ ሺፍት ተቀያይራ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሮጥ ልታይ መጣች። ለፍጻሜው መስመራችን ላይ ቆመን ሳለ አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ የእያንዳንዳችንን ስም፣ ክለብና የልደት ዓመት ይጠራል። የእኔ ተራ ደረሰ። ስሜን ጠራ፣ ክለቤን ጠራ፣ "ዘጠና ሦስት" አለ።

"ፊርኡንትኖይንሲሽ!" የሚል ድምፅ ከተመልካቹ መሃል ተሰማ። ዘጠና አራት ማለት ነው።

ድምፁን አወቅሁት። ጀርመን ፊት አመሰግናለሁ እንኳ በሹክሹክታ የምትለው እናቴ፣ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች ቆማለች። "ፊርኡንትኖይንሲሽ ነው የተወለደችው!" ብላ ደገመችው፣ ጀርመንኛውንም አማርኛውንም አደባልቃ። ሰው ሁሉ ዞረ። አስተዋዋቂው ቀጣዩን ስም ጠራ። እኔ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ለመነሻው ተንበረከክሁ።

ተኩሱ ሲሰማ ወጣሁ። ቀና አትበይ። በጎኔ መስመር ያለችው ቀደመችኝ፤ ቢሆንም ጠበቅሁ። ቀና ስል መንገዱ ግማሽ ሆኗል፣ እግሬም ገና ትኩስ ነው። ሦስተኛ ወጣሁ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአንድ መቶኛ ሰከንድ አልፌያለሁ። በጀርመን ሻምፒዮና በመጀመሪያው ዙር ተሰናበትኩ፤ ግን ስሜ እዚያ ዝርዝር ላይ ሰፍሯል፣ ማንም አይፍቀውም።

እናቴ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። "እማ፣ በሰው ሁሉ ፊት! ዜግነቱስ?" አልኳት እያለቀስኩ።

"ይዘግይ። ሰኞ አምት እሄዳለሁ።"

"አያስፈልግም እኮ፤ አልፌያለሁ!"

"ለሩጫሽ አይደለም" አለች።

ሰኞ ጠዋት ልከተላት ጫማዬን ሳስር ከለከለችኝ፤ አስተርጓሚ አልፈልግም አለች። እጇ ላይ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነበር። ጀርመንኛውን በፊደላችን ጽፋዋለች፦ "ኢሽ ሃበ ፋልሽ ገሬሽነት"፤ ተሳስቼ ደምሬያለሁ። ዜግነቱ ሁለት ዓመት ዘገየ። አቢቱሬን ስይዝ ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዘጠና አራት ነው፤ ሕግ ለማጥናትም የተመዘገብኩት በእሱ ነው።

በዚያ ሰኞ በሩ ላይ እንደቆመች፣ እሺ ለሩጫው ካልሆነ ለምንድን ነው ብዬ ነዘነዝኳት። ነጠላዋን አስተካከለችና ሆዷን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"በዘጠና ሦስት እዚህ ውስጥ ነበርሽ" አለችኝ። "ያቺ ዓመት የእኔ ናት። ለአምት ሰጥቻት አልቀርም።"