የዘምዘም ድምፅ በቺንጋ አይጎተትም

አቃቂ ላይ ሰው የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በሠራበት ፋብሪካና በሚጨቃጨቀው ጎረቤት። እትዬ በላይነሽ ሁለቱም አሏት። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራ ጡረታ ወጣች። ጎረቤቷ ደግሞ ጋሽ ሙሀመድሁሴን ነው፤ ከወሎ መጥቶ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ገላን ኮንዶሚኒየም የከተመ።

ሌላው ጡረተኛ በረንዳው ላይ ጤና አዳም ይተክላል፤ እሷ የሸክላ ማጫወቻ መጠገን ያዘች። ማን አስተማራት? ማንም። ባሏ ትቶት የሞተውን ማጫወቻ “ሆዱ ውስጥ ምን ይዞ ነው ባሌን ሲያስመሽብኝ የኖረው?” ብላ ፈታችው፤ መልሳ ስትገጥመው ዘፈነ። ይሄ የራሷ ወሬ ነው። ሰፈሩ ግን ብሎን ተርፏት ነበር ይላል።

ጭቅጭቃቸውም በማጫወቻ ነው። የሷ ማጫወቻ ሸክላውን የሚያዞረው በቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ዳር ተቀምጦ ሳህኑን በጎማ ቀበቶ ይጎትታል። የሱ ሞተር ግን ከሳህኑ ሥር ገብቶ ራሱ ያዞረዋል፤ መሃል ገላጋይ የለም።

“ኤንትሬ መኪና ጎማውን በላስቲክ ሲጎትት አይተሽ ታውቂያለሽ?” ይላታል።

“ያደግክበትን ዱቄት የፈጨው ቺንጋ አይደል? ቺንጋ የሞተሩን ጉርምርምታ ዳር ያስቀራል። ያንተ ዘፋኙም ሞተሩም አብረው ነው የሚያንጎራጉሩት!”

“ያንቺው ደግሞ ሙቀት ሲነካው ይለጠጣል። ዘፋኙ ጠጅ ቤት አምሽቶ የመጣ ይመስላል!”

ሰፈሩ እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። ሳሪስ ድረስ ደጋፊ አላቸው ይባላል፤ እኔ አላጋነንኩም፣ ያጋነኑትን ነው የማወራው።

ዘንድሮ ግን ጨዋታው ጠጠረ። የጋሽ ሙሀመድሁሴን ልጅ ሀኪማ ልታገባ ሆነ። እናቷ ዘምዘም የሞተችው ሀኪማ ጡት ሳትጥል ነው። ፎቶዋ አለ፤ ድምፅዋ ግን ያለው አንድ ሸክላ ላይ ብቻ ነው፣ በወጣትነቷ ለአንድ ባንድ ተቀባይ ሆና የተቀረጸችበት። ከሌሎቹ ጋር ስትቀበል ትቆይና መጨረሻ ላይ አንዲት ስንኝ ብቻዋን ታወጣለች። ጋሽ ሙሀመድሁሴን ሌላ ሌላውን ሲያጫውት ያንን ሸክላ “ሆዴ አይችልም” ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ኖረ። አሁን ለልጁ በሰርጓ ቀን ሊያሰማት ቃል ገባ። ሊሞክረው ማጫወቻውን ሲያስነሳ ሳህኑ ይዞራል፣ ድምፅ ግን ጭጭ።

በላይነሽን ደጅ ጠናት። ይሄ ራሱ የሳምንት ወሬ ሆነን።

“የኔን ማጫወቻ ውሰድ” አለችው።

“የዘምዘም ድምፅ በቺንጋ አይጎተትም! ሞተሬ ደህና ነው፤ ጭንቅላቱን ብቻ እይልኝ።”

ጭንቅላት የሚሉት መርፌውን የሚይዘውን ትንሹን ካርትሪጅ ነው። በላይነሽ በማጉያ መነጽር አየችው። የመርፌውን ንዝረት ወደ ድምፅ የሚለውጠው ጥቅል ሽቦ ተበጥሷል፤ መርፌውን ያቀፈው ጎማም ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

“ይሄ ጎማ ካንተ ይብሳል፤ ንቅንቅ አይልም!”

ከተጣለ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ መዘዘች። ፋብሪካ ሳለች ክር የምትቀጥለው እያዜመች ነበር፤ ለዚህኛው ግን ትንፋሿንም ዋጠች። ቢያስነጥሳት ጉድ ፈልቷል። ጎማውን ከዓይን ጠብታ ብልቃጥ ጫፍ ቀርጻ ተካችው። ያለቀላት በሰርጉ ዕለት ጠዋት ነው። መርፌው ሸክላውን ሳይጫነው እንዲያርፍ ጭንቅላቱን የተሸከመውን ክንድ አመዛዝና “ከእንግዲህ ትንኝ እንኳ እንዳታርፍበት!” ብላ አስጠነቀቀች።

ማጫወቻውን ድንኳኑ ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ከተቀመጡበት የሳንቃ መድረክ ጫፍ ላይ አኖሩት። ዘፈኑ በሞንታርቦው ሲለቀቅ የወሎ ዘመድ ሁሉ መድረኩ ላይ ወጣ። ትከሻውስ ባልከፋ፤ እግሩ ነው ጉዱ! ሳንቃው በተመታ ቁጥር መርፌው ይዘላል። ልክ የዘምዘም ስንኝ ሊደርስ ሲል ወደ ኋላ። ደግሞ ሲደርስ፣ ደግሞ ወደ ኋላ። ሀኪማ ከመቀመጫዋ ተነስታ ማጫወቻው ላይ አፈጠጠች።

“አትጨፍሩ!” ጮኸ ጋሽ ሙሀመድሁሴን።

“በልጁ ሰርግ አትጨፍሩ የሚል አባት ገና ዛሬ አየን!” አለ አንዱ፣ እስክስታውን ሳያቋርጥ።

ይሄኔ የዘምዘም ታላቅ እህት እትዬ ከውሲ ብድግ አለች። የእህቷን ድምፅ ከተቀባዮቹ መሃል ለይታዋለች። ዘፋኝ ደስ ሲያሰኝ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፋል፤ ዘፋኟ ከሌለች ታዲያ የት ይለጠፍ? ብሯን አጣጥፋ፣ በምራቋ አርሳ፣ የሚዘለው ጭንቅላት ላይ ለጠፈችው።

“እሰይ የኔ እህት!”

“ወይኔ መርፌዬ!” በላይነሽ ወንበር ገልብጣ ሮጠች።

ሳትደርስ ግን መሃል ላይ ቆመች። ብሩ መርፌውን ጫን አድርጎት፣ መዝለሉን ተወ። ሳንቃው እየተደበደበ መርፌው ጸጥ ብሎ መንገዱን ያዘ። ተቀባዮቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዲት ቀጭን፣ በአፍንጫዋ በኩል የምትወጣ ድምፅ ድንኳኑን ሞላችው። ጨፋሪው ሁሉ ባለበት ቀረ።

“አባዬ” አለች ሀኪማ፣ “ይሄ እኮ የኔ ድምፅ ነው።”

“ታዲያ ስትቆጪኝ ዝም የምለው ለምን መሰለሽ?” አለ፣ ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ።

“ይደገም!” ተባለ። በላይነሽ መርፌውን ልትመልስ ስታጎነብስ ጋሽ ሙሀመድሁሴን ራሱ ብር በምራቁ እያራሰ ወደ ማጫወቻው ሲመጣ አየችው። መሃል ገብታ ግንባሯን ደቀነችለት።

“እሷ ይበቃታል፤ እዚህ ለጥፍ!”

ለጠፈላት። “ቺንጋ ቢሆን እኮ ይሄን ክብደት ችሎ አይዞርም ነበር።”

“ለጥፍና ተቀመጥ!”