ከካልሶም ቆዳ ሥር የተቀበረው ወርቅ

በዚያ ቀን በማሌዥያዋ ኮታ ባሩ ከተማ ላይ የኅዳር ዝናብ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም ነበር። ካልሶምና ባሏ ዴራማን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሆስፒታል ደረሱ። ካልሶም በገበያ የደረቀ ዓሣ የምትሸጥ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ከአፍንጫዋ ጀርባ የበቀለው እባጭ የዓይኗን ነርቭ እየተጫነው ግራ ዓይኗ መደብዘዝ ከጀመረ ወር ሆኖታል።

ዶክተር ፋይሩዝ በዕድሜ ልጇን ያክላል። ፊቷን ሳይቀድ በአፍንጫዋ በኩል ገብቶ እባጩን ሊያወጣላት አስቧል። መሣሪያው ጭንቅላቷ ውስጥ የት እንደደረሰ በስካኑ ምስል ላይ እያሳየ የሚመራው ማሽን አለ።

ስካን ከመነሳቷ በፊት ነርሷ፣ «ፊትዎ ወይም አፍዎ ውስጥ ብረት አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

ዴራማን አጠገቧ ተቀምጧል። «ምንም የለም» አለች።

ምስሉ ሲመጣ አምስት ቀጫጭን መርፌዎች ቁልጭ ብለው ታዩ። ዶክተሩ ዴራማንን ወደ ካርድ ክፍል ላከና በሩን ዘጋ።

«ማክ ቺክ» አላት እንደ እናት አክብሮ፤ «ይሄ ሱሱክ ነው አይደል?»

«ማሽናችሁ ተሳስቷል።»

«ማሽን ተሳስቶ መርፌ ይወልዳል እንዴ? ገመናዎን ለማውራት አይደለም። ከዓይንዎ ሥር ካለችው መርፌ ነጭ ጨረር እየተረጨ ምስሉን ይሸፍንብኛል። እዚያ ያለው አጥንት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው፤ ወዲህ ዓይን፣ ወዲያ አንጎል። በተበላሸ ምስል አልገባም። ቆዳዎን በትንሹ ከፍቼ ላውጣቸውና እንደገና ስካን ይነሱ። ከዘገየን ዓይኑ ይጠፋል።»

«ቤቴ ሄጄ ላስብበት» አለች።

ቢላዋውን ፈርታ አይደለም። ሱሱክ የሚባሉት እነዚህ የወርቅ መርፌዎች መስተፋቅር ናቸው፤ በሃያ አራት ዓመቷ ባሏ እንዳይሸሻት ብላ አዋቂ ቤት ሄዳ ያስቀበረቻቸው። ሃይማኖቷ የሚከለክለውን ነገር ፊቷ ውስጥ ይዛ ሠላሳ አራት ዓመት ሰግዳለች። ዴራማን ፊቷ ላይ ፋሻ ካየ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ደግሞ ያውቃል።

ሦስት ሳምንት ወደ ሆስፒታሉ አልተመለሰችም። አንድ ጠዋት ዓሣ ስትደረድር በግራዋ የቆመችውን ደንበኛ ጨርሶ አላየቻትም። መደቧን ትታ ቤቷ ገባችና ለዴራማን ሁሉንም ነገረችው።

የሚጠግነውን መረብ አስቀመጠ።

«እኔን ለማሰር?»

«አንተን ለማሰር።»

«ታዲያ ጀሊ ከተማ ሄጄ ከሌላዋ ጋር ሦስት ዓመት ስኖር መርፌሽ እንቅልፍ ወስዶት ነበር?»

«አትሳቅብኝ።»

«ማን ሳቀ? አንቺ ሴት፣ ለማይሠራ ወርቅ ዓይንሽን ልትገብሪ ነው? ተነሽ እንሂድ!»

በዚያው ሳምንት መርፌዎቹ ወጡ፤ አዲስ ስካን ተነሳች፤ ቀዶ ጥገናውም ያለ እንከን አለቀ። እባጩ ተጠርጎ ወጣ። የዓይኗ ብርሃን ግን አልተመለሰም። ዶክተር ፋይሩዝ «ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን ቢሆን…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ዴራማን ስለ መርፌዎቹ ዳግም አላነሳም። ብቻ ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ካልሶም ዛሬም እዚያው ገበያ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ግራ ዓይኗ አያይም።