ለበዓል የማይደርስ ተጫዋች

በሰማንያዎቹ መጨረሻ የገርጂን የሰፈር ቡድን ተጫዋች የሚመርጠው ላምበረት በግ የሚነግድ ሰው ነበር። ማልያውን የገዛው እሱ ስለሆነ በአሰልጣኝነቱ የሚከራከረው አልነበረም። አመራረጡን ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ኳስ አያስነካንም። አሰልፎ፣ በግ ሲገዛ እንደሚያደርገው፣ ወገባችንን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ሥጋ ይፈልጋል።

እኔ የሰፈሩ ፈጣን የክንፍ ተጫዋች ነበርኩ፤ ይህን ጠላቴም ይመሰክራል። ቀጭን መሆኔም አይካድም። ተራዬ ሲደርስ ዳበሰኝና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ይሄ ለበዓል አይደርስም» አለ።

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀው፣ ስሮጥ አቧራዬ ላይ እንኳ የማይደርስ አንድ ወፍራም ተከላካይ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ኳስ ይስጡኝና ይዩኝ» አልኩት።

«ሂድ፣ ሥጋ ይዘህ ና። ኳስ ትከሻ ነው» አለኝና ወደሚቀጥለው ልጅ ጀርባ አለፈ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ጸሎቱን ተውኩና ቂሙን ያዝኩ። ክረምቱን ሙሉ አብሽ ጠጣሁ። እናቴ የተዘፈዘፈውን ዱቄት አረፋ እስኪያወጣ ትመታውና ማር ጨምራ ትሰጠኛለች፤ ልጄ ሰው ሊሆን ነው እያለች ደስታዋን አትችለውም። ላቤ ሳይቀር አብሽ አብሽ ይሸት ጀመር። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው መስኮት ይከፍታል። እህቴ ልብሴን ከልብሷ ጋር አላጥብም አለች። ግድ አልሰጠኝም። በተጎነጨሁ ቁጥር የሚታየኝ ያ ነጋዴ አንገቱን ሲደፋ ነበር።

መስከረም ላይ ሱሪዬ አልቆለፍ አለኝ። ወደ ነጋዴው ግን አልተመለስኩም፤ እግሬን ይስበረው! ጉርድ ሾላ ሄጄ ለተቀናቃኛቸው ቡድን ተሰለፍኩ። ሩጫዬ ስለቀነሰ ከክንፍ አንስተው መሀል አጥቂ አደረጉኝ።

ከገርጂ ጋር በተጫወትንበት ቀን፣ ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል ረጅም ኳስ መጣልኝ። ያ የሳቀብኝ ተከላካይ ከጎኔ ደረሰ። ድሮ ቢሆን በሩጫ ጥዬው እሄድ ነበር፤ አሁን ያ እግር የለም። ትከሻዬን ሰጠሁት። ጭቃው ውስጥ በአፍንጫው ተደፋ፣ እኔም ረጋ ብዬ አገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በቀል አይጣፍጥም የሚል ሰው ተበድሎ አያውቅም።

ፊሽካው እንደተነፋ በቀጥታ ወደ ነጋዴው ሄድኩ። የምናገረውን ስድብ ሳጠና ነበር የከረምኩት። አፌን ሳልከፍት ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ተመልካቹ አዞረኝ።

«አያችሁ? አጥንትና ቆዳ ሆኖ ሲመጣ ሥጋ ይዘህ ና ብዬ የሰደድኩት እኔ ነኝ! ኳስ ትከሻ ነው አላልኩም?»

ሰው አጨበጨበለት። ያጠናሁትን ስድብ እንደያዝኩ ከእጁ ሾልኬ ወጣሁ። በገዛ ትከሻዬ መስክሬለታለሁ። ያን ሰው ማሸነፍ የነበረብኝ ቀጭን እንደሆንኩ፣ ሮጬ ነበር።

በዓመቱ ሌላ ምርጫ አደረገ። የመጡትን ቀጫጭን ልጆች ሁሉ፣ የእኔን ስም እየጠራ አባረራቸው።