ሁሉንም የሚመርቁት አጎቴ

አጎቴ እስራኤል ውስጥ ኪርያት አርዬ በሚባል ሰፈር በሚገኝ ፋብሪካ ለጦር አውሮፕላን የሚሆን ኮምፒውተር ሲገጣጥሙ ነው ያረጁት። ጡረታ ከወጡም በኋላ አውሮፕላን በሰማይ ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ይነሡና፣ «በሰላም ግቡ ልጆቼ!» እያሉ ይመርቁ ነበር።

አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ኮምፒውተር እዚያ ውስጥ መኖሩን በምን አወቁ?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«አንቺ ሞኝ! ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ የትኛውም አውሮፕላን ላይ ይገባል። የኔ የት እንደገባ ስለማላውቅ ሁሉንም እመርቃለሁ፣ እሺ? በሰደር?» አሉኝ።

አጎቴ ሞተው ለሐዘናቸው ተቀምጠን ሳለ አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ሁላችንም ወንበራቸውን አየን። ምርቃት የታላቅ ነው፤ የቤታችን ታላቅ ደግሞ እሳቸው ነበሩ።

«ያላ፣ አንቺ በይ እንጂ» አለኝ ወንድሜ።

ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። ግን ወደ ወንበራቸው ዞር ስል አውሮፕላኑ ሳይመረቅ ሄደ።